ፊደል ቆጠርን፤ ቃሉንስ?



ፊደል ለይታችኋል። ስማችሁን ትጽፋላችሁ። ይህን ጋዜጣም ይኸው እያነበባችሁ ነው። ትልቅ ድል ነው። ሆኖም ማንበብና መረዳት አንድ አይደሉም። «ይዞታ»፣ «መያዣ»፣ «ይግባኝ» የሚሉትን ቃላት አንብቦ ትርጉማቸውን የማያውቅ ሰው፣ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከሚፈርመው ሰው በምን ይሻላል? ሁለቱም ሌላው የነገራቸውን አምነው ነው የሚፈርሙት።

ስለዚህ ከፊደል ቀጥሎ ያለው ሥራ ቃል ማከማቸት ነው። ለዚህ ደግሞ ልብ ወለድ ማንበብን የሚያህል የለም እላለሁ። ልብ ወለድ ማለት ደራሲ ከልቡ አፍልቆ የጻፈው ታሪክ ነው። አንዳንዶች፣ «ለገበሬ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የተጻፈው ይበቃዋል፤ ተረት ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። አልስማማም። የማዳበሪያው ጽሑፍ ይጠቅማል፤ ግን ቃሉ ጥቂት ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ሰው ይከሳል፣ ይከራከራል፣ ይለምናል፣ ይሸመግላል፣ ይዋሻል። ታሪኩም «ቀጥሎስ?» እያሰኘ ይጎትታችኋል።

የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ በጎጃም ስለ ነበረው የገበሬና የባላባት ኑሮ የሚተርክ መጽሐፍ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማችሁም ትኖሩ ይሆናል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን በስለት ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣሉ። «ስለት» ስትሉ እናንተ የማጭዱን ስለት ታውቃላችሁ። እዚህ ግን ማጭድ የለም! ከላይና ከታች ያለውን ደግማችሁ ስታነቡ፣ ልጁ እንዲያድግላቸው ለእግዚአብሔር የገቡት ቃል መሆኑን ትደርሱበታላችሁ። አያችሁ? ቃሉ አንድ ነው፤ ትርጉሙን የለዩት ጎረቤቶቹ ናቸው።

እንግዲህ ደብተርና እርሳስ ያዙና እንዲህ አድርጉ።

አንደኛ፣ ባላወቃችሁት ቃል ሁሉ አትቁሙ። በየቃሉ የሚቆም ሰው ታሪኩ ይጠፋበታል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። ከአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ቃል ይበቃል። እየተመላለሰ የሚመጣውን ምረጡ።

ሁለተኛ፣ ትርጉሙን ፈልጉ። ሽማግሌ ጠይቁ፤ አስተማሪ ጠይቁ። በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ካገኛችሁም ተመልከቱ። ከዚያ በራሳችሁ አነጋገር ጻፉት። ለምሳሌ፦ «ርስት ማለት ከአባት ከእናት የሚወረስ መሬት ነው። ጉልት ማለት ግን ከሌላው ሰው መሬት ላይ ግብር የመብላት መብት ነው።»

ሦስተኛ፣ ዋናው ይህ ነው፤ ከገዛ ኑሯችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት። «አያቴ እህሉን ለባለ ጉልቱ ይሰፍር ነበር።» «እናቴ በታመመች ጊዜ ጧፍ ተሳለች።» ትርጉም ብቻውን በጎተራ እንዳለ ዘር ነው። አይጥ ይበላዋል፣ ይረሳል። ዓረፍተ ነገር ግን ማሳው ነው፤ እዚያ ላይ ይበቅላል። ቃሉን በትክክል ማወቅ አለማወቃችሁም የሚታየው እዚያ ነው። ዓረፍተ ነገር መሥራት ካቃታችሁ ትርጉሙ ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

ጉልት የነበረበት የባላባት ሥርዓት በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅ ቀርቷል። ታዲያ የቀረ ነገር ስም ምን ይሠራልናል? አያቶቻችሁ ምን ይከፍሉ እንደነበር፣ ለምን ይከፍሉ እንደነበር የሚነግራችሁ ይህ ቃል ነዋ! ቃሉ ከጠፋ በደሉም አብሮ ይረሳል።

ደግሞ ቃል የሚመጣው ከመጽሐፍ ብቻ አይምሰላችሁ። እርፍ የሚጨበጠው እንጨት መሆኑን፣ ድግር ደግሞ ከማረሻው ግራና ቀኝ ሆኖ አፈሩን የሚገፋው መሆኑን ከከተማ የመጣ ተማሪ ከየት ያውቀዋል? ከእናንተ ነው የሚማረው። መዝገበ ቃላትም ቢሆን ከሕዝብ አፍ ነው የተለቀመው። ስለዚህ በደብተሩ የቀኝ ገጽ ላይ ከመጽሐፍ ያገኛችሁትን፣ በግራው ላይ የራሳችሁን ቃል ጻፉ። ልጆቻችሁ ሁለቱንም ይፈልጉታል።

በዕድሜ ልጃችሁ ብሆንም አንድ ነገር ልለምናችሁ። ዛሬ ማታ መብራቱ ሳይጠፋ አንድ ቃል ከነትርጉሙና ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉ። በቀን አንድ ቃል በዓመት 365 ቃል ነው። ያን ጊዜ የሚፈረም ወረቀት ቢቀርብላችሁ አትደነግጡም። «ቆይ፣ ይህ ቃል ምን ማለት ነው? በምሳሌ አስረዳኝ» ትላላችሁ። ማስረዳት ካልቻለ እርሳሱን አስቀምጡ፤ አትፈርሙ!