ሪሞቱ በማን እጅ ነው?

በልጅነት ተረት፣ በጉርምስና ኳስ፣ ከትዳር በኋላ ድራማ፣ ሽበት ሲመጣ ዜና። የቴሌቪዥን ተመልካችን እንዲህ በዕድሜ መከፋፈል ተለምዷል። እኔ ግን ከዕድሜው ይልቅ ቤቱ ይወስናል ባይ ነኝ። አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱ ወይም ሻሸመኔ ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤቶቹ በወጣት ወንዶች ይሞላሉ፤ የዕለቱ ጨዋታዎች ከነሰዓታቸው በእጅ ተጽፈው በር ላይ ይለጠፋሉ፣ ውስጥ አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው። ከእነዚሁ ወጣቶች ብዙዎቹ ጎጆ ከወጡ በኋላ የቱርክ ተከታታይ ድራማ ሲከታተሉ ይገኛሉ። ኳስ አስጠልቷቸው አይደለም። አንድ ክፍል የኪራይ ቤት ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን አንድ ነው፤ ሪሞቱም ቤት የሚውለው ሰው እጅ ይገባል። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የባለሙያዎች ተቃውሞ ቢነሳበትም ቤት ለቤት የገባው ድራማዎቹን በአማርኛ ስላናገራቸው ነው። ሽንኩርት እየከተፉ፣ ቡና እየቆሉ በጆሮ መከታተል ይቻላል። ከዚያ በፊት በዲሽ ይገቡ የነበሩት የዓረብ ጣቢያዎች ፊልሞች ይህን አይፈቅዱም ነበር።

“ታዲያ አዛውንቶች ለምን ዜና ላይ ይተከላሉ?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እርጅና አይመስለኝም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ያለ ተፎካካሪ ቆይቷል። የዛሬ አዛውንት ጎልማሳ ሳለም የምሽቱን 2 ሰዓት ዜና ያይ ነበር፤ ሌላ የሚቀይረው ጣቢያ አልነበረውም። የአባባ ተስፋዬ የልጆች ዝግጅትም 40 ዓመት ያህል ስለዘለቀ አባትም ልጅም በየተራቸው ያንኑ ሰው እያዩ አድገዋል። በአንጻሩ አማርኛ የማይሰሙ የአርሲና የምሥራቅ ሸዋ እናቶች ስንቱን ዘመን በአብዛኛው ምስል ብቻ ሲያዩ ኖረው፣ መቀመጫውን አዳማ ያደረገው የኦሮሚያ ጣቢያ በቋንቋቸው ሲመጣ በስተርጅና አዲስ ተመልካች ሆኑ። ዕድሜ ወደ ድሮው ይመልሳል የሚለውን እነዚህ እናቶች ያፈርሱታል።

አሁን ደግሞ ስልክ መጣና ሁሉም የየራሱን ስክሪን ያዘ፣ የሪሞት ጉዳይ አበቃለት የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ስልክ ላይ ሪሞት የሚቀማ የለም። ግን ዕድሜ ወሳኝ ቢሆን ኖሮ ምርጫው በጉልህ የሚለያየው እዚህ ነበር። አያትም የልጅ ልጅም ቲክቶክ ላይ አጫጭር ቪዲዮ ወደ ላይ ሲገፉ ያመሻሉ፤ ሁለቱንም የሚያቋርጣቸው የኢንተርኔት ጥቅል ማለቅ ነው። ለዕድሜ አንድ ነገር ግን እተውለታለሁ፦ ዓይን ሲደክም ከስር የሚጻፈውን ትርጉም ማንበብ ያስቸግራል፣ ጆሮም ሲከብድ ድምፁ ይጨመራል፤ ያኔ ምን እንደሚታይ ጎረቤትም ያውቃል።