«ስምዎ ሲስተሙ ውስጥ የለም»

ባለፈው ዳንግላ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ የቆሙት አባት ከገጠር ቀበሌ በጠዋት የመጡ ናቸው፤ ስማቸው ኃይሉ። ልጅቷ ፈጠን ብላ ጻፈች፣ ስክሪኑን አየችና «አባባ፣ ስምዎ ሲስተሙ ውስጥ የለም» አለቻቸው። ትናንትም እንዲሁ ተብለው ተመልሰዋል። ባልደረባዋ መጥቶ በሌላኛው «ሀ» ሲሞክረው ፋይሉ ወጣ። «ታዲያ ትናንት የት ሄጄ ነበር?» አሉ ሰውየው። ወረፋው ሳቀ። እኔ ዳታቤዝ ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝና አፈርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለጆሯችን አንድ የሆነው ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እየተባለ በስድስት መልክ ይጻፋል። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ የራሱ የዩኒኮድ ቁጥር ያለው ሌላ ፊደል ነው። አ፣ ኣ፣ ዐ፣ ዓ ደግሞ አራት ናቸው። ስለዚህ «ኃይሉ ዓለሙ» በ24 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። «እኩል ይሁን» ብሎ የሚፈልግ ትእዛዝ አንዱን ብቻ ያገኛል፤ በ23ቱ ዜሮ ይመልሳል። ክፋቱ ዜሮ ስህተት አለመምሰሉ ነው። ኤረር ቢያወጣ ባለሙያ ይጠራ ነበር፤ ዜሮ ሲል ግን ሰውየው ይመለሳል።

መጋቢት 2016 የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰዎች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ሲያወጡ ዓለም ሁሉ አወራው። የባንክ ገንዘብ ስለወጣ ነው። የገበሬ ቀን ሲባክን ማንም ዜና አይሠራበትም።

ለባለሙያዎቹ፦ ለጊዜው በ«እኩል» ፋንታ «ላይክ» ተጠቀሙና '_ይሉ%' ብላችሁ ፈልጉ። የታች ሰረዟ በማንኛውም አንድ ፊደል ትተካለች፤ በእኛ ጽሕፈት «ኃ» አንድ ፊደል ስለሆነ በትክክል ትገጥማለች። ዘላቂው መፍትሔ ግን ሁለተኛ ዓምድ ነው። ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጥ፤ ከጎኑ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ የተጠቀለሉበት፣ ክፍት ቦታው የወጣለት ቅጂ ይኑር። የሚፈለገውም ቃል በዚያው ደንብ ተጠቅልሎ እዚያ ይፈለግ። የሰውን ስም ራሱን «ላስተካክል» ማለት ግን ድፍረት ነው። በአዊ ደግሞ የአዊኛው ጝ አለ፤ ኪቦርዱ ላይ ያጣው ጸሐፊ በ«ኝ» ወይም በ«ንግ» ሊያልፈው ይችላል። ደንቡ ይህንንም ይወቅ።

ፋይዳ ይፈታዋል የሚሉኝ አሉ። 12 አሃዝ ሞክሼ የለውም፣ እውነት ነው። የድሮው ፋይል ግን የተከፈተው በስም ነው፤ ከቁጥሩ ጋር ለማገናኘት መጀመሪያ በስም መገኘት አለበት።

ቀንም አለ። የእኛን ቀን ሳይቀይሩ የፈረንጅ ቀን ዓምድ ውስጥ የሚከቱ ሲስተሞች አጋጥመውኛል። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ ጥቅምት 30 «ፌብሩዋሪ 30» ይሆንና አልቀበልም ይላል፤ ጳጉሜ 13ኛ ወር ናትና ጭራሽ የለችም። ጸሐፊውም ሰልፉን ላለማቆም 28 ብሎ ያልፋል። ልጁ ሁለት ቀን ቀድሞ ተወለደ ማለት ነው።

«አፕዴት» ያለ «ዌር» መላክማ የታወቀ ነው፤ የአንዱን ሰው ቀበሌ ልቀይር ብሎ የወረዳውን ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቀበሌ ማስፈር። ማይኤስኪውኤል በስህተት 1175 ሲከለክላችሁ መከላከያውን አታጥፉት። መጀመሪያ በዚያው «ዌር» «ሴሌክት» አድርጋችሁ ስንት ሰው እንደሚነካ ቁጠሩ፣ ትራንዛክሽን ክፈቱ፣ የተነካው ቁጥር ከቆጠራችሁት ካልገጠመ «ሮልባክ» በሉ።

መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ አልወቅስም፤ የተሰጣትን ሳጥን ነው የሞላችው። ሲስተሙን የተረከበው ኮሚቴ ግን ፊርማውን ከማኖሩ በፊት «ኃይሉ»ን በስድስቱም «ሀ» ይፈልግ፣ ጥቅምት 30 እና ጳጉሜ 5 የተወለደ ልጅ ይመዝግብ። ይህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ካልሠራ ርክክቡ ይቁም።