ስቱኮ አያድናችሁም!

ሰሞኑን ሽሮ ሜዳ አንድ ሰው የሟች እናቱን ፎቶ ፍሬም አስደርጎ ሲረከብ አየሁ። አንዱ ማዕዘን ተከፍቶ በስቱኮ ተደፍኗል። ቆይቶ መሰንጠቁ አይቀርም።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ጥፋቱ የኮላው አይደለም፤ የአቆራረጡ ነው። አንድ ፍሬም 4 ማዕዘን፣ 8 ቁርጥ አለው። እያንዳንዱ ቁርጥ ከ45 ዲግሪ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ወደ አንድ ወገን ቢስት፣ ሦስቱን ማዕዘን አጥብቃችሁ ስትገጥሙ አራተኛው ላይ የ4 ዲግሪ ክፍተት ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ስለዚህ መጋዙ ላይ የተጻፈውን 45 ዝም ብላችሁ አትመኑ። መጀመሪያ ሁለት ቁራጭ ቆርጣችሁ ግጠሙና በስኳድራ ፈትሹ። ትይዩ ጎኖቹንም እየለካችሁ ሳይሆን፣ መጋዙ ጠረጴዛ ላይ ማቆሚያ እንጨት አስራችሁ እኩል ቁረጡ።

ይኼ ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ለሰው እናት ፎቶ አምስት ደቂቃ በዛ እንዴ?