የማኅበራችን ድረ ገጽ ሪአክት ያስፈልገው ነበር?

ከሁለት ዓመት በፊት የማኅበራችንን ድረ ገጽ በሪአክት የሠራሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ዛሬ የምወቅሰው ራሴን ነው።

ያኔ ምክንያት ነበረኝ። ስቶክሆልም ውስጥ የድረ ገጽ ሠሪ ሥራ ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ሪአክት የሚለውን ስም ሳያገኝ ብዙ አይሄድም። ልማርበት፣ ሲቪዬም ላይ ላስገባው ብዬ ነው። ተማርኩበት፤ ሥራም አገኘሁበት፤ በዚህስ አልጸጸትም። ግን የምንሠራው ምን ነበር? የመኖሪያ ፈቃድ፣ ከስካቴቬርኬት የግል ቁጥር አወጣጥ፣ የተማሪ ቤት ወረፋ፣ የእንቁጣጣሽ ዝግጅት፣ የኮሚቴው ስልክ። ጽሑፍ ብቻ! ፌስቡክ በ2013 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ክፍት ያደረገው ሪአክት የሚጠቅመው ገጹ ተጠቃሚው በነካው ቁጥር ለሚለዋወጥ ሥራ ነው። የእኛ የሚለወጠው በዓመት ሁለቴ ነው።

ባለፈው መስከረም አዲሱ ኮሚቴ አንድ ስልክ ቁጥር መቀየር አቃተው። ኮዱ የተደገፈባቸው ጥቅሎች አርጅተው እርስ በርስ አልስማማ ብለዋል። እኔም ቅዳሜዬን ሙሉ ፈጀሁበት፤ ለአንድ ስልክ ቁጥር!

ይበልጥ ያሳፈረችኝ ግን ባሕር ዳር ያለችው የአክስቴ ልጅ ናት። ለትምህርት ልትመጣ ስትዘጋጅ ስለ ቤት ወረፋው እንድታነብ ሊንኩን ላክሁላት። «ነጭ ብቻ ነው የሚያሳየኝ» አለች። እኔ በሠራሁበት መንገድ ጃቫስክሪፕቱ ወርዶ እስኪያልቅ አንድ ፊደል አይታይም። እኔ የሞከርኩት ሺስታ፣ በፈጣን ዋይፋይ፣ በላፕቶፕ ነው፤ እሷ በሞባይል ዳታ፣ በአሮጌ ስልክ። የኤስኤስኤስቢ ወረፋ ደግሞ ከተመዘገቡበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። ዘግይቶ ያነበበ ወደኋላ ይቀራል።

ለኮሚቴው ያቀረብኩት ሐሳብ ተራ ኤችቲኤምኤልና ትንሽ ሲኤስኤስ ነው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት እንኳ ጥቅል ጭኜ ነበር፤ ለካ ብራውዘሩ ራሱ የኢትዮጵያን ካላንደር ያውቃል።

«ታዲያ ጀማሪዎቹ በምን ይለማመዱ?» ያለኝ ወዳጄ ልክ ነው። ያገለገሉ መጻሕፍትና ዕቃዎች መለዋወጫ ይሥሩ፤ ፍለጋው፣ ማጣሪያው፣ መልእክቱ በሪአክት ወይም በቪው ቢሠራ ያምራል። እኔም አግዛለሁ። የምጠይቀው ከተመረቃችሁ በኋላ ማን እንደሚይዘው አስቀድማችሁ እንድትነግሩኝ ብቻ ነው።

ረቂቁን እሑድ ለአክስቴ ልጅ ላክሁላት። ከፈተላት፤ አንብባ በዚያው ዕለት ተመዘገበች። ዛሬ ወረፋዋ 4 ቀን ሆኖታል።