የተውሶ ጠመንጃ

ጓዶች፣

መስከረም 5 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከሱሉልታ በጎጃም መንገድ ወጣቱ እየጨፈረ ወደ መስቀል አደባባይ ጎረፈ። ከኤርትራ የሚመለሱትን የኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሪዎች ሊቀበል ነው። ያ ሳምንት የደስታ ብቻ አልነበረም። ቡራዩ ላይ ሰው ተገድሏል፣ ሺዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ይህን የረሳ ሰው ስለዚያ ቀን ባያወራ ይሻለዋል። እኔ ዛሬ የማነሳው ግን በዚያ ሁሉ ጭፈራ መካከል ያልተጠየቀ አንድ ጥያቄ ነው፦ ለምን ያን ጊዜ? የግንባሩ አመራር አስመራ ከአሥር ዓመት በላይ ተቀምጧል። ለምን ካቻምና አልመጣም? ለምንስ ለከርሞ አልቆየም?

መልሱ ከቀኖቹ ላይ ይነበባል። ሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓቢይ አሕመድና ኢሳይያስ አፈወርቂ አስመራ ላይ የሰላም መግለጫ ፈረሙ። ነሐሴ 1 ቀን ኦነግ እዚያው አስመራ ላይ ከመንግሥት ጋር ተስማማ። ጥቅምት 11 ቀን 2011 የኦጋዴን ነፃ አውጪ ግንባር እንዲሁ እዚያው ፈረመ። በሩን ያስከፈተው በእነዚህ ከተሞች ጎዳና ላይ ደሙን ያፈሰሰው ወጣት ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ቀኑን የቆረጡት ግን ሁለት መንግሥታት ናቸው። አስተናጋጁ ከባለጋራህ ጋር ሲታረቅ አንተም ትታረቃለህ፤ ሻንጣህን አዘጋጅ ትባላለህ።

ከዚያስ? ትጥቅ መፍታትን በተመለከተ አስመራ ላይ ምን እንደተባለ ሁለቱ ወገኖች በአደባባይ ተወዛገቡ። አንዱ እንዲህ ተስማምተናል ሲል ሌላው በፍጹም አለ። ጨፍሮ የተቀበለው ልጅ ዳኛ እንዳይሆን ሰነዱን አላየውም። ከዚያ በኋላ ወለጋ ላይ የሆነውን ለእናንተ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ነው።

ይህን ሁሉ የቆሰቆስኩት በከንቱ አይደለም። በየዶርሙ፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ፣ አሁንም አንድ ዘፈን እሰማለሁ፦ «የጠላቴ ጠላት ወዳጄ ነው። ካይሮም ይስጥ አስመራ፣ ካርቱምም ይስጥ ሞቃዲሾ፣ ጠመንጃ ጠመንጃ ነው!» ይህን የሚለው የአንድ ብሔር ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። ሁሉም በየተራው፣ በየቋንቋው ይለዋል። እኔ የምለው ደግሞ ይሄ ነው፦ የተውሶ ጠመንጃ ባለቤቱ ሲጠራው ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ተዋሹን ሜዳ ላይ ጥሎት።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ዚያድ ባሬ የምዕራብ ሶማሊያ ነፃ አውጪ ግንባርን፣ ደርግ ደግሞ የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄን (ኤስ.ኤን.ኤም.) ታቅፈው ዓመታት ኖሩ። ሁለቱም ስለ ጭቁን ሕዝብ ነፃነት ጉሮሯቸው እስኪነቃ ለፈፉ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ግን መንግሥቱ ኃይለማርያምና ዚያድ ባሬ ታረቁ፤ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ መርዳት ሊያቆም ተዋዋሉ። በአንድ ፊርማ ሁለት ትግል ተሸጠ! ኤስ.ኤን.ኤም. መጠለያው ሲነሣበት ግንቦት ላይ ሐርጌሳንና ቡርዖን አጠቃ። የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን አፈረሷት፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ጅጅጋ አካባቢ፣ ወደ ሐርቲሼክ ተሰደደ። የውሉ ዋጋ በተፈራራሚዎቹ ላይ አልወደቀም፤ ልጇን አዝላ ድንበር በተሻገረችው እናት ላይ ወደቀ።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ግንቦት 1983፣ ተራው የደቡብ ሱዳኑ ኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. ሆነ። የደርግ እንግዳ ነበርና ደርግ ሲወድቅ ኢትዮጵያ ውስጥ የነበረውን ሰፈሩን አጣ። የኢታንግ ስደተኛ ወደ ሸሸው ጦርነት ተመልሶ ገባ።

የኩርዶች ታሪክ ይህንኑ ነገር በትልቅ መስተዋት ያሳየናል። የማሃባድ ሪፐብሊክ ጥር 1938 በሶቪየት ጦር ጥላ ሥር ታወጀች፤ ጦሩ ሲወጣ ታኅሣሥ 1939 ፈረሰች፤ መሪዋ ቃዚ መሐመድ ተሰቀለ። ሙላ ሙስጠፋ ባርዛኒ በተራው የኢራንን ሻህና አሜሪካን አመነ። የካቲት 27 ቀን 1967 ሻሁና ሳዳም ሁሴን አልጀርስ ላይ በድንበር ጉዳይ ሲስማሙ እርዳታው ተቋረጠ፤ ትግሉም በሳምንታት ውስጥ ተንኮታኮተ። በሶርያ ደግሞ አይሲስን ከአሜሪካ ጎን ቆመው የወጉት ኩርዶች በ2012 መጀመሪያ አሜሪካ ከድንበሩ ወታደሮቿን ገለል ስታደርግ የቱርክ ጦር ሲገባባቸው አዩ። ሶቪየት፣ ኢራን፣ አሜሪካ፤ ሶሻሊስት፣ ንጉሥ፣ ሊበራል። የረዳቱ ርዕዮተ ዓለም ሦስት ዓይነት ነው፤ ፍጻሜው ግን አንድ ነው።

«ታዲያ ያለ ውጭ እርዳታ ማን አሸነፈ?» የሚል ጓድ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም መነኩሴ ሁኑ አላልኩም። ምኒልክ ከጣሊያን ጭምር መሣሪያ ተቀብሏል። ነገር ግን የውጫሌ ውል አገሩን ሞግዚት እንደሚያስገባ ሲገባው ውሉን አፈረሰ፤ አድዋ ላይ በ1888 የዘመተው ከየአውራጃው የተጠራ የራሱ ሕዝብ ነው። ሻዕቢያም የሱዳን በር ጠቅሞታል። ትናንት የኤርትራን ታጋዮች ያሠለጠነችው ኩባ ከደርግ ጎን ስትቆም፣ ሶቪየትም ደርግን ስታስታጥቅ፣ በ1970 ዓ.ም. ወደ ሳሕል አፈገፈገ እንጂ አልጠፋም። ናቅፋን ይዞ፣ ከባላጋራው በማረከው መሣሪያ ተዋጋ፤ ኦሮታ ላይ ሆስፒታል ሠራ። ከድል በኋላ በገዛ ሕዝቡ ላይ ያደረገው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያንን አላወድስም። ኤስ.ኤን.ኤም.ም ቢሆን ከ1980 በኋላ የቆመው በሽማግሌዎቹና በራሱ ወገን መዋጮ ነው። በዚያድ ባሬ ጦር ትከሻ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረው የምዕራብ ሶማሊያ ግንባር ግን ዛሬ የት ነው?

እንግዲህ መመዘኛው ቀላል ነው። እርዳታው ነገ ጠዋት ቢቋረጥ ከነገ ወዲያ ትቆማለህ? የማትቆም ከሆነ ያለህ ትግል አይደለም፤ ላም አለኝ በሰማይ ነው። የሰው እንጀራ የሚበላ ድርጅት ስለ ባለ እንጀራው ጥፋት አፉ ይያዛል። አስመራ የተቀመጠ ግንባር የአስመራን እስረኞች ጉዳይ ያነሣበትን ቀን አስታውሳችሁ ንገሩኝ እስቲ! ስለ ነፃነት እየሰበኩ በአስተናጋጅ ፊት መለጎም በትግሉ ውስጥ የሚገባ የመጀመሪያው ነቀዝ ነው።

ይህ ሕግ ለመንግሥትም ይሠራል። በ2013 የተጀመረውን የትግራይን ጦርነት ከኤርትራ ሠራዊት ጋር ሆኖ የተዋጋው የፌዴራል መንግሥት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ሲፈርም ኤርትራ ከፈራሚዎቹ አልነበረችም። የትናንቱ ፍቅር ብዙም ሳይቆይ ወደ ኩርፊያ ዞረ። የትግራይ እናት ግን ያ ፍቅር ያስከፈላትን ገና አላገገመችም። ለአማፂ መርዝ የሆነ ነገር ለቤተ መንግሥት ማር አይሆንም።

ጓዶች፣ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች ዛሬም ከእኛ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። ነገ ደግሞ ሌላ ግንባር፣ ከሌላ ዋና ከተማ፣ በሌላ ባንዲራ ሊመጣ ይችላል፤ እነሱም እንደገና እንዲጨፍሩ ይጠራሉ። ያን ጊዜ ከመጨፈራቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ከአሁኑ እንነጋገር፦ ጠመንጃው የማን ነው? ውሉ የት አለ? ቀኑንስ የቆረጠው ማነው?

ለሦስቱም መልስ የሌለው ሰው፣ ወገኔ ቢሆንም እንኳ፣ በእኔ እግር ወደ አደባባይ አይሄድም።