ፓሌት በግዢ ዋጋው ብቻ ሲመረጥ

ፓሌት ዕቃን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚይዝ፣ ፎርክሊፍት ሹካውን ከሥሩ አስገብቶ እንዲያነሣው የሚያስችል ወለል ነው። በአብዛኞቹ ድርጅቶች ግዢው የሚፈጸመው እንደማንኛውም አላቂ ዕቃ ነው፤ መጠኑ ይጻፋል፣ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል። ይህ አሠራር ገንዘብ የሚቆጥብ ይመስላል እንጂ አይቆጥብም። የግዢ ዋጋው ከፓሌቱ ጠቅላላ ወጪ ትንሹ ክፍል የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ቀሪው በግዢ ክፍሉ መዝገብ ላይ ስለማይወርድ ግን ገዢው አያየውም። የተሰበረው ፓሌት በጥገና፣ የተጨፈለቀው ካርቶን በሽያጭ ተመላሽ፣ ባዶውን የተጓዘው የኮንቴይነር ቦታ በማጓጓዣ ይመዘገባል፤ ጫኝና አውራጁ ዕቃ ከተሰበረ ፓሌት ወደ ደኅናው ሲያዛውር የሚያጠፋው ሰዓት ደግሞ በደመወዝ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። የሁሉም ምንጭ አንድ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ የለም።

ርካሽ ፓሌት የሚረክሰው ጣውላው ሲሳሳ፣ ሚስማሩ ሲቀንስና እንጨቱ እርጥብ እንዳለ ሲመታ ነው። እነዚህ ጉድለቶች በርክክብ ቀን ጎልተው አይታዩም። ፎርክሊፍት ወደ ፓሌት ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚገጨው የፊት ጠርዙን ጣውላ ነው፤ ያ ጣውላ ስስ ከሆነ ወይም በቂ ሚስማር ካልያዘው በጥቂት ጉዞ ይሰነጠቃል። እርጥብ እንጨት ደግሞ መጋዘን ውስጥ እየደረቀ ሲሄድ ይኮማተራል፤ የጨበጠውን ሚስማር ይለቃል፣ የሚስማሩም ራስ ከጣውላው በላይ ብቅ ይላል። 60 ኪሎ የቡና ጆንያ በላዩ ሲጎተት ጆንያው ይቀደዳል፣ ቡናው ይፈሳል፤ ከወለል ተጠርጎ የተሰበሰበ ቡናም እንደ ንጹሑ አይሸጥም። አንዲት ሚስማር የምታደርሰው ጉዳት ከፓሌቱ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

በአንጻሩ የአውሮፓው ፓሌት እንዴት እንደሚሠራ መመልከት ይጠቅማል። ርዝመትና ስፋቱ 1200 በ800 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው 144 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 25 ኪሎ ገደማ ነው። በ11 ጣውላ፣ በ9 ጉርድ እግርና በ78 ሚስማር ይገጣጠማል፤ 1,500 ኪሎ እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ ነው። የአውሮፓ የባቡር ድርጅቶች እ.ኤ.አ. በ1961 የጋራ የፓሌት ልውውጥ ከመሠረቱ ወዲህ፣ አንድ ከባድ መኪና 33 የተጫኑ ፓሌቶች አራግፎ በምትካቸው 33 ባዶ ፓሌቶች ይዞ መመለስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1991 የተቋቋመው ኢፓል የተባለው ማኅበር አምራቾችና ጠጋኞች በፈቃድ እንዲሠሩ ያደርጋል። ሚስማሩ ሳይቀር የሚቆጠረው ተቀባዩ ሌላ ሰው የገዛውን ፓሌት እንደራሱ አምኖ እንዲረከብ ነው። ርካሹ ፓሌት ይህ መተማመን የለውም፤ አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በምትኩ ሌላ የሚሰጥ የለም።

የካርቶኑ ነገር ከሁሉም የባሰ ችላ ይባላል። ካርቶን በላዩ የተደረደረውን ክብደት በዋናነት የሚሸከመው በአራቱ ማዕዘኖቹ ነው። ከፓሌቱ ጠርዝ 2.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ አልፎ ከወጣ ማዕዘኖቹ አየር ላይ ይንጠለጠላሉ፤ የመሸከም አቅሙም በአንድ ሦስተኛ ገደማ ሊወርድ ይችላል። በሁለት ጣውላዎች መካከል ያለው ክፍተት ማዕዘኑ ሥር ሲውልም አቅሙ ይዳከማል። ገዢው ዋጋ ለማስቀነስ ከላይኛው ወለል አንድ ጣውላ ሲያስነሣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ የታችኛው ረድፍ ካርቶን ይጨፈለቃል፣ የማሸጊያ ክፍሉም መፍትሔ ብሎ ወፍራም ካርቶን ያዛል። በፓሌት የተቆጠበው ጥቂት ብር በየካርቶኑ ላይ ተባዝቶ ይከፈላል፤ ሁለቱ ክፍሎች ስለማይነጋገሩም እያንዳንዱ ሥራውን በትክክል የሠራ ይመስለዋል።

የፓሌት የመሸከም አቅምም በአንድ ቁጥር አይገለጽም። መሬት ላይ ተቀምጦ የሚሸከመው ከፍተኛው ነው፤ በፎርክሊፍት ተነሥቶ ሲጓዝ ይቀንሳል፤ ሁለት ጫፉ ብቻ በመደርደሪያ ብረት ላይ አርፎ መሐሉ ባዶ ሲሆን ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። በብዙ የግዢ ስፔሲፊኬሽን ላይ የሚጻፈው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ የትኛው እንደሆነም አይገለጽም። በከፍታ መደርደሪያ ለሚጠቀም መጋዘን ይህ ዝምታ የሰው ሕይወት የሚያሳጣ ስሕተት ነው።

መጠኑ ሲመረጥም ሌላ ወጪ ተደብቆ ይገባል። የ20 ጫማ ኮንቴይነር ውስጡ 5.90 ሜትር ገደማ ርዝመትና 2.35 ሜትር ገደማ ስፋት አለው። 1200 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ጎኖች ሲደመሩ 2.40 ሜትር ይሆናሉ፤ በአምስት ሴንቲ ሜትር ምክንያት ጎን ለጎን መግባት አይችሉም። ስለዚህ የሚገባው 11 የአውሮፓ ፓሌት ብቻ ሲሆን፣ ከወለሉ ሩብ የሚጠጋው ባዶ ይቀራል። 1200 በ1000 የሆነው ፓሌት 10 ብቻ ይገባል፤ ነገር ግን የሚሸፍነው ወለል 12 ካሬ ሜትር ነው፣ የ11ዱ ግን 10.6 ገደማ። በፓሌት ብዛት የሚያወዳድር 11ዱን ይመርጣል፣ ይሳሳታልም። ጭነቱ እንደ ብረት ከባድ ሆኖ ኮንቴይነሩ ቦታው ሳይሞላ የክብደት ጣሪያው ላይ የሚደርስ ከሆነ ልዩነቱ ይጠፋል፤ ለልብስ፣ ለፕላስቲክ ዕቃና ለመሳሰለው ቀላል ጭነት ግን በየጉዞው ለባዶ ቦታ መክፈል ነው። በጅቡቲ በኩል ለሚያስገባ ኢትዮጵያዊ አስመጪ ይህ ባዶ ቦታ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ሊሆን ይችላል።

ድንበር የሚሻገር የእንጨት ፓሌት ሌላ ግዴታም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው አይኤስፒኤም 15 የተባለው ዓለም አቀፍ የዕፀዋት ጤና መለኪያ የእንጨት ማሸጊያ ከተባይ ነጻ እንዲሆን ያዛል። በሙቀት ሲታከም የእንጨቱ እምብርት ለ30 ደቂቃ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፤ ከዚያም የስንዴ ዘለላ ምልክት፣ የአገር መለያና የአምራቹ ቁጥር ይታተምበታል። ማኅተም የሌለው ፓሌት የተሸከመ ጭነት መድረሻው ወደብ ላይ ሊታገድ ወይም ወደመጣበት ሊመለስ ይችላል። ማኅተሙ ሌላ የተሳሳተ እምነትም ፈጥሯል፤ ብዙዎች የታተመበትን እንጨት ደረቅ አድርገው ይወስዱታል። ሕክምናው ተባይ ይገድላል እንጂ እንጨቱን የግድ አያደርቀውም። ታክሞም እርጥበቱ ያልወጣ ፓሌት በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት ሲቆይ ይሻግታል።

ፓሌት ዕቃ ሲያበላሽ ጉዳቱ የት ሊደርስ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በጥር 2010 በአሜሪካ ታይቷል። የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን አካል የሆነው ማክኒል ታይለኖልን ጨምሮ በርካታ መድኃኒቶቹን ከገበያ ሰበሰበ፤ ምክንያቱ ደንበኞች ያማረሩበት የሻጋታ ሽታ ነበር። ሽታው ትራይብሮሞአኒሶል ከተባለ ኬሚካል የመጣ ሲሆን፣ ምንጩም የማሸጊያ ዕቃዎች የተጓጓዙባቸውና የተከማቹባቸው የእንጨት ፓሌቶች የታከሙበት ኬሚካል እንደሆነ ኩባንያው ገለጸ። ሽታ በቀላሉ የሚስብ ቡና ለሚያከማችና ለሚልክ አገር ይህ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም።

ከዚህ ሁሉ ተነሥቶ ፕላስቲክ ይሻላል ማለትም ሌላው የተለመደ ስሕተት ነው። ፕላስቲክ በቀላሉ ይታጠባል፣ ሚስማር የለውም፣ የአይኤስፒኤም ማኅተም አያስፈልገውም። በአንጻሩ እሳት ሲይዘው ከእንጨት የበለጠ ሙቀት ስለሚለቅ፣ የአሜሪካው ኤንኤፍፒኤ 13 ደንብ ለፕላስቲክ ፓሌት ጠንከር ያለ የእሳት መከላከያ ይጠይቃል። ከዚያ በላይ ግን ወሳኙ ፓሌቱ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ነው። ለስሌት ያህል ደካማው የእንጨት ፓሌት 1,000 ብር ተገዝቶ 5 ጉዞ፣ ጠንካራው 1,800 ብር ተገዝቶ 15 ጉዞ፣ ፕላስቲኩ 6,000 ብር ተገዝቶ 50 ጉዞ ያገለግላሉ እንበል። ሁሉም ሁልጊዜ የሚመለሱ ከሆነ የአንድ ጉዞ ወጪ በቅደም ተከተል 200፣ 120 እና 120 ብር ነው። በየጉዞው ከአሥር አንዱ የሚጠፋ ከሆነ ግን ደካማው በአማካይ 4፣ ጠንካራው 8፣ ፕላስቲኩ 10 ጉዞ ገደማ ብቻ ያገለግላሉ፤ ወጪውም ወደ 245፣ 225 እና 600 ብር ይለወጣል። ረጅም ዕድሜ የሚጠቅመው ፓሌቱ ሲመለስ ብቻ ነው። በአንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ለሚመላለስ ዕቃ ፕላስቲክ አዋጭ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ውጭ ተልኮ ለማይመለስ ጭነት ግን በቂ ጥንካሬ ያለው፣ የደረቀና ማኅተም ያለው የእንጨት ፓሌት ይበቃል።

ያለ ፓሌት መጫንም በስሌቱ ውስጥ መግባት ያለበት አማራጭ ነው። 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ቡና፣ በአንድ የ20 ጫማ ኮንቴይነር ወለል ላይ ያለ ፓሌት መጫን ይቻላል፤ የሚከፈለው በጉልበትና በሰዓት ነው።

እነዚህን አማራጮች ለማወዳደር የሚያስፈልገው መረጃ ጥቂት ነው፤ አንድ ፓሌት ስንት ጉዞ ያገለግላል፣ ከመቶ ስንቱ አይመለስም፣ በፓሌት ምክንያት ምን ያህል ዕቃ ተበላሸ። ግዢ ክፍሉ እነዚህን ብቻውን ሊያውቃቸው አይችልም፤ ስለዚህ ስፔሲፊኬሽኑን የመጋዘኑና የማሸጊያው ኃላፊዎች አብረው መጻፍ አለባቸው። በውስጡም የጣውላው ውፍረት፣ የሚስማሩ ብዛት፣ የእንጨቱ የእርጥበት ጣሪያና የመሸከም አቅሙ ከነሁኔታው ይካተቱ። መዝገቡ የሌለው ድርጅት በበሩ ላይ የሚወጣውንና የሚገባውን ፓሌት ለጥቂት ወራት ማስቆጠር፣ የተሰበረውንም የት እንደተሰበረ ማስጻፍ ይችላል። የፊት ጠርዙ ጣውላ እየተደጋገመ የሚሰበር ከሆነ፣ አዲስ ፕሮፎርማ ከመሰብሰብ በፊት ያንን አንድ ጣውላ ማወፈርና የፎርክሊፍት ነጂዎችን አገባብ ማየት ይቀድማል።