ማንነት ከ«ማን» ነው የመጣው፣ ከ«ምን» አይደለም

ወንድሜ፣ እህቴ፣ የቀበሌ መታወቂያህ ኪስህ ውስጥ ካለ አንዴ አውጣውና ተመልከተው። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ሥራ፣ አድራሻ። በብዙዎቻችን መታወቂያ ላይ ደግሞ አንዲት አጭር መስመር አለች፦ ብሔር። ዛሬ ላወራህ የፈለግኩት ስለዚያች መስመር ነው።

የእኔ መታወቂያ ጊዜው አልፎበት ላሳድስ ሄድኩ። የታደሰ መታወቂያ ካልያዝክ ለሥራ ስታመለክት ማስረጃህን እንኳ አያዩልህም፣ ታውቀዋለህ። ግማሽ ቀን ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ጸሐፊዋ ቀና ሳትል «ሥራ?» አለችኝ። «ተመርቄያለሁ» አልኳት። «እሱን አልጠየቅኩህም» ብላ «ሥራ የሌለው» ብላ ጻፈች። ቀጥላ «ብሔር?» አለችኝ።

የአባቴ አባት የመንዝ ሰው ነበር። የአባቴ እናት የከሚሴ ኦሮሞ ናት። የእናቴ አባት በልጅነቱ ከጉራጌ አገር ለንግድ ወጥቶ ወሎ የቀረ ነው። የእናቴ እናት የወረኢሉ ተወላጅ ናት። ይህንን ልነግራት ጀመርኩ። «ወንድሜ፣ ሰልፉ ረጅም ነው። ቦታው አንድ ቃል ነው የሚይዘው። የአባትህን ንገረኝ» አለችኝ። እሷስ ምን ታድርግ? ፎርሙ የተሠራው እንደዚያ ነው። አንድ ቃል ነገርኳት። ጻፈች፣ ማኅተም መታች። ከቢሮው ስወጣ ሁለት ነገር ተለጥፎብኝ ነበር፦ «ሥራ የሌለው» የሚል፣ እና ከአራቱ አያቶቼ ሦስቱን የሰረዘ አንድ ቃል።

ይህ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ቀን ዶርም ውስጥ የተጠየቅኩትን አልረሳውም። «ስምህ ማን ነው?» ነገርኩት። «የአባትህስ?» ነገርኩት። «የአያትህስ?» ይሄ እንግዲህ ስም ለማወቅ አይደለም፣ ለማሽተት ነው። አንተም ተጠይቀሃል። እውነቱን ካወራን ደግሞ አንተም ጠይቀሃል። ጊዜው 2012 ዓ.ም. ነበር። በየዩኒቨርሲቲው ግጭት ተነሥቶ ተማሪዎች ተገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩት ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። እኔም አንዱ ነበርኩ። ቀን አንድ ሰልፍ ላይ ቆመን አንድ ዓይነት ሽሮ የበላን ልጆች፣ ማታ በአያት ስም ተለያየን።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። «ብሔር» በግዕዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 39 ላይ «ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ» ብሎ ሦስት ቃል ደርድሮ ለሦስቱም አንድ ትርጉም ነው የሰጣቸው። ገልጠህ አንብበው። ባህል አለ፣ ቋንቋ አለ፣ የጋራ ማንነት አለን ብሎ ማመን አለ፣ በአንድ አካባቢ መኖር አለ። «የአባት ደም» የሚል ግን የለም። ታዲያ «የአባትህን ንገረኝ» የሚለው ጥያቄ ከየት መጣ? ከሕጉም አይደለም፣ ከግዕዙም አይደለም። ከባህላችንም አይደለም።

«አባቶቻችን ዘር አይቆጥሩም ነበር» የሚልህን አትመነው። ይቆጥሩ ነበር። ሰባት ቤት ድረስ ይቆጥሩ ነበር። ግን ለምን? ለጋብቻ። ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ በአባትም በእናትም ቆጥረው፣ መስመሩ ከተገናኘ «እናንተማ ዘመዳሞች ናችሁ» ብለው ያስቀሩ ነበር። ልብ በል፣ በእናትም ጭምር ነው። እኛ እናቶቻችንን አውጥተን ጣልን፣ ዓላማውንም ገለበጥነው። እነሱ የቆጠሩት ዘመድ ለመለየት ነው። እኛ የምንቆጥረው ጠላት ለመለየት ነው።

ለዲግሪያችን ሌላ ሥራ እስኪገኝለት ድረስ እስቲ ስሌቱን እንሥራው። ሁለት ወላጅ አለህ። አራት አያት። ስምንት ቅድመ አያት። እንዲህ እጥፍ እያደረግክ ወደ ላይ ከወጣህ ሰባተኛው ላይ 128 ሰው ታገኛለህ። ከወላጆችህ ጀምሮ ሁሉንም ስትደምር 254 ሰው። ከእነዚህ የስንቱን ስም ታውቃለህ? የስድስቱን? ታዲያ የ248ቱን ስም እንኳ ሳታውቅ «እኔ ንጹሕ እንትን ነኝ» ብለህ የምትምለው በየትኛው ማስረጃ ነው?

ደሙ ብቻ እኮ አይደለም። ኦሮሞ ጉዲፈቻና ሞጋሳ አለው፤ ከሌላ የመጣውን ልጅ ልጄ፣ ከሌላ የመጣውን ሰው ወገኔ ብሎ ይቀበላል። አማራው የጡት ልጅ አለው፣ አበልጅ አለው። እነዚህ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። ዘመድ የሚወለድ ብቻ ሳይሆን በቃል ኪዳን የሚሠራም መሆኑን ያውቁ ነበር።

ደጃዝማች ባልቻ ሳፎን አስበው። በልጅነቱ ከጦር ሜዳ ተነሥቶ በምኒልክ ቤት አደገ። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ በመድፉ ስሙን አስጠራ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ሽማግሌ ሆኖ፣ በ1929 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር ሲዋጋ ወደቀ። እኛስ ዛሬ ስለ እሱ ምን እናወራለን? «ኦሮሞ ነው»፣ «የለም፣ ጉራጌ ነው»። ማን እንደሆነ ሁለት ጊዜ በሕይወቱ ያሳየንን ሰው፣ ምን እንደሆነ ለመወሰን እንሰዳደባለን።

«አንዲት ቃል ምን ታመጣለች?» ትለኝ ይሆናል። ሩዋንዳን ጠይቅ። የቤልጂግ ቅኝ ገዥዎች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በየሰዉ መታወቂያ ላይ ሁቱ፣ ቱትሲ፣ ትዋ ብለው ጻፉ። ቃሏ ስልሳ ዓመት ገደማ ኪስ ውስጥ ተኝታ ቆየች። በ1994 እ.ኤ.አ. በየኬላው «መታወቂያ አውጣ» ተባለ። ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚታረድ የወሰነችው ያቺው ቃል ናት። ዛሬ በሩዋንዳ መታወቂያ ላይ ያ መስመር የለም። እኛም ኬላ ላይ መታወቂያ ስናወጣ እጅ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ የማናውቅ ሰዎች አይደለንም። አዲሱ ፋይዳ ብሔር አይጠይቅም፣ ጥሩ ነው። ከካርዱ ላይ ወጣ። ከአፋችንስ መቼ ነው የሚወጣው?

አሁን ወደሚያመው ነገር ልምጣ። ይህ መለያ ከሌላው ሰው ይልቅ ለእኔና ለአንተ የሚጥመን ለምንድን ነው? ባዶ እጃችንን ስለሆንን ነው። ተምረህ፣ ጋዋን ለብሰህ ፎቶ ተነሣህ። እናትህ ፎቶውን ሳሎን ሰቀለችው። አንተ ከፎቶው ሥር ተኝተህ ትውላለህ። ጎረቤት «ልጅሽ ሥራ ያዘ?» ሲላት «እያየ ነው» ትላለች። ድምጿ ሲቀንስ ከጓዳ ሆነህ ትሰማዋለህ። ሰፈሩ «ሥራ ፈት» ይልሃል።

ልክ ያኔ አንዱ ይመጣና «አንተ እኮ የታላቅ ሕዝብ ልጅ ነህ፣ እንጀራህን የወሰደብህ እገሌ ነው» ይልሃል። አንዋሽ፣ ደስ ይላል። ከምንም ተነሥተህ ድንገት የሆነ ነገር ትሆናለህ። እኔም ደስ ብሎኝ ያውቃል። ግን ይህን የነገረህን ሰውዬ አንድ ነገር ጠይቀው፦ ያንተ ልጅ የት ነው የሚማረው? እሱስ ሰልፍ ላይ፣ ኬላ ላይ ይቆማል? ሰውዬው ጠላት ሰጠህ እንጂ ሥራ አልሰጠህም። ጠላት ርካሽ ነው፣ በነጻ ይታደላል። ለዚህም ነው ለድሃ ልጅ የሚታደለው።

ወደ ራሳችንም እንመለስ። እኛ አገር ወዳድ ነን የምንለው ንጹሕ ነን እንዴ? አይደለንም። በቋንቋው የኮራውን ሁሉ «ዘረኛ» እንላለን። ያልተስማማንን «ባንዳ» እንላለን። ባንዳ እኮ በአምስቱ ዓመት ወረራ ለጣሊያን አድሮ ወገኑን የወጋ ሰው ስም ነው። ከባድ ቃል ነው፣ በተናደድክ ቁጥር የምትወረውረው ጠጠር አይደለም። «ነፍጠኛ» ሲሉን ይቆጨናል። እኛ ደግሞ «ጁንታ» ብለን ስንሳደብ ምንም የማያውቀውን የትግራይ ልጅ አብረን እንደሰደብነው አይቆጨንም። የሌላው ማኅተም ሲሆን ዘረኝነት፣ የእኛ ሲሆን አርበኝነት? ኧረ በፈጠራችሁ!

አያቴ የመረቀችኝ በኦሮምኛ ነው። ኢትዮጵያዊነቴ የቆመው የእሷን አፍ ዘግቶ ከሆነ፣ እሱም ሌላ የቀበሌ ፎርም ነው፤ እሱም ቦታው አንድ ቃል ብቻ ይይዛል ማለት ነው። እኔ የምሟገትለት ኢትዮጵያዊነት 254ቱንም ሰው የሚይዝ ነው። ቋንቋህን ጣል አልልህም። ቋንቋህን ይዘህ ና፣ የእናትህንም ጨምረህ ና።

በአማርኛ «ማንነት» የሚለው ቃል የወጣው ከ«ማን» ነው። «ማን» ለሰው ነው፣ «ምን» ለዕቃ። ስለዚህ «ምንድን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅህ ሰው፣ አስቦትም ይሁን ሳያስበው፣ ዕቃ አድርጎሃል። አትሳደብ፣ አትሸሽም። ጥያቄውን አስተካክልለት። «ማን ነህ? በለኝ፣ እነግርሃለሁ» በለው። የማን ልጅ እንደሆንክ፣ ማን እንዳሳደገህ፣ ማን ሲወድቅ እንደምታነሣ ንገረው። አንተም ሌላውን እንደዚሁ ጠይቅ።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዘህ ሂድ። በዚህ ሳምንት ደብተር ያዝና ቤትህ ካሉት ትልቅ ሰው አጠገብ ተቀመጥ። አያት ከሌሉ አክስት፣ አክስት ከሌለች የሰፈር ሽማግሌ አይጠፋም። በአባትህም በእናትህም እያስቆጠርክ ጻፍ። ቶሎ በል፣ የሚያውቁት ሰዎች እያለፉብን ነው። የሆነ ቦታ ላይ ያልጠበቅከው ስም፣ ያልጠበቅከው አገር፣ ያልጠበቅከው ሃይማኖት ይገጥምሃል። እንዳትዘለው። ጠላትህ ነው ከተባልከው ወገን አንዱ እዚያ መስመር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅህ ይሆናል።

እኔ እስካሁን 19 ስም አግኝቻለሁ። 235 ይቀረኛል። መታወቂያዬ ላይ «ሥራ የሌለው» ተብሎ ቢጻፍም፣ ለጊዜው ሥራ አለኝ።

ያንተን ስንት ደረስክ? ጻፍልን፣ ለጓደኛህም አጋራው።